ለቅሶ የማይደርስ ማኅበር

ነገሩ የጀመረው ታክሲ ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ ሚኒባስ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት፣ ሰው ተጠቅጥቆ። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጫታለሁ። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ጭን ላይ የምትቀመጥበት ዕድሜ አልፏል፣ ግን ከማታውቀው ሰው ጋር ተነካክታ መቀመጥ ስለማትችል እኔው ወንበር እሆናታለሁ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል። ድምፅ ማጉያው ከወንበራችን ሥር ነው መሰለኝ፣ መቀመጫው ሁሉ ይነዝራል። መጀመሪያ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ቀጥሎ ማጉረምረም ጀመረች። ከዚያ እኔ የማውቀው፣ ሌላው ሰው ግን የማያውቀው ነገር መጣ፤ በሙሉ ድምጿ እየጮኸች ጭንቅላቷን ከደረቴ ጋር ታላትም ጀመር።

የአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ደግሞ ምክር የሌለው ሰው የለም። "ውሃ አቅምሳት።" "ሆዷን አሟት ይሆናል።" "እናቷ የት ሄዳ ነው?" "ጸበል አልሞከራችሁም?" አንዲት ሴት ግንባሯ ላይ ልታማትብባት እጇን ስትዘረጋ ልጄ ይባስ ጮኸች። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ፣ "ኧረ በናትህ ብሮ፣ ዝም አስብላት፤ ማለቴ፣ ሰው እኮ እያወራ ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል የቀረሁ ሰው ነኝ። ቱግ አልኩ። "ወርደህ አውራ!" አልኩት። "አንተ ማን ስለሆንክ ነው የምወርደው?" አለ። ጠብ ሊነሳ ትንሽ ነው የቀረው።

ያን ጊዜ ከመጨረሻው ወንበር የሴት ድምፅ መጣ። "ረዳት፣ ሙዚቃውን ዝጋልን።"

"እትዬ፣ እሱ የሹፌሩ..."

"ለሹፌሩ ንገረዋ! መስኮቱንም ክፈተው። እናንተም ምክራችሁን ያዙ፤ ልጅቷ የሚበቃትን ያህል ድምፅ ሰምታለች።"

ሙዚቃው ተዘጋ። የሚገርመው፣ ሰዉም ዝም አለ። ልጄ ጥቂት አለቃቅሳ ደረቴ ላይ ተደገፈች። ዞር ብዬ አየሁ። ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ፣ ትልቅ ፌስታል ያቀፉ ሴትዮ ናቸው። ወደ እኛ አይመለከቱም፤ በመስኮት ወደ ውጭ ነው የሚያዩት። ሰው ሁሉ አፍጥጦ እያየን እሳቸው ብቻ አለማየታቸው ነው አንጀቴን የበላው። ያን ሁሉ ዓመት ከዚያች ልጅ ጋር ስወጣ ስገባ፣ እንዳላፍር ብሎ ዓይኑን ከላያችን ያነሳልኝ ሰው አልነበረም።

ካዛንቺስ ስንወርድ አብረውን ወረዱ።

"እዚህ ነው የሚወርዱት?" አልኳቸው።

"ኧረ እኔ አልፌ ነው የምሄደው። አንተን ላናግርህ ነው።" ፌስታላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "የእኔው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው" አሉ።

በቃ፣ ይህን ብቻ። አንድም ቃል ሳይጨምሩ ገባኝ። ሐኪሙ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከነገረን ወዲህ ስለ ልጄ ያለ ምክርና ያለ ሐዘኔታ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

"ቅዳሜ ጠዋት እንገናኛለን፤ እንደ እኔና እንዳንተ ያለን ወላጆች ነን። ቂርቆስ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ። ይዘሃት ና።"

"እኔ ስብሰባ አይሆነኝም፣ እትዬ።"

"እኛንስ መቼ ሆነን?" አሉና ስልክ ቁጥራቸውን ሰጥተውኝ የሚቀጥለውን ታክሲ ተሳፈሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ እትዬ እንደሆኑ ቀሩ።

ስብሰባ መጥላቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔና ባለቤቴ እንደኛ ያለ ወላጅ ፍለጋ ያልገባንበት የለም። የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባን፤ አንዱ ማር ይሸጣል፣ አንዱ ከውጭ የመጣ ጠብታ ይሸጣል፣ አንዱ በየሰዓቱ ጥቅስ ይልካል። አንድ ጊዜ ደግሞ ለወላጆች ተብሎ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ተጠራን። ፕሮጀክተር አለ፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ከንግግሩ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። ሻይ ዕረፍት ላይ አጠገቤ የቆመችውን እናት "ልጅሽ እንቅልፍ ይተኛል?" ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ፎቶ እንድንነሳ ተጠራን። ቆሽቴ አርሮ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። ቲሸርቱ እስከ ዛሬ የወለል መጥረጊያ ሆኖ ያገለግለናል።

ቤት ገብቼ ስለ ሴትዮዋ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው ፈገግ ስትል ውላ፣ ቤት ስትደርስ ፈገግታው አልቆባት ነው የምትገባው።

"ሙዚቃውን አዘጉት?" አለችኝ።

"አዘጉት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።"

"አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ" አለች።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። "ሂድ እንጂ! ምን ያደርጉሃል? አይበሉህ!" አለችኝ። እናቴ አብራን ነበር የምትኖረው። አብራን ስል ደግሞ ቤቱ የእሷ ነው፤ እኛ ነን አብረናት የምንኖረው።

መዋዕለ ሕፃናት ማለት ታዲያ ወንበሩም የሕፃናት ነው። ቅዳሜ ገብቼ ሳይ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ፣ ቀይና ቢጫ ወንበሮች ላይ ተኮልኩለዋል። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ወላጅ በተራ ይጠብቃቸዋል። ሊቀመንበር የለም፣ አጀንዳ የለም። ነጠላ የለበሰች አለች፣ ሂጃብ ያደረገች አለች፣ ከሥራ ሾልኮ የመጣ ባለ ክራቫት አለ። ሁሉም በሳምንቱ የገጠመውን ያወራል፣ በቃ።

አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ የሴራሚክ ነጋዴ፣ እዚያች ትንሽ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እንጃ፣ ስለ ልጁ ያወራል። ልጁ መብራት ማጥፋት ነው የሚወደው፤ የትም ይግባ የት ማጥፊያውን ፈልጎ ያገኛል። የዘመድ ሠርግ ይዞት ሄዶ፣ ዓይኑን ከላዩ ነቀል ሲያደርግ ልጁ የአዳራሹን ዋና ማጥፊያ አገኘው። ሙሽሮቹ እልል እየተባለላቸው በር ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ድርግም! "የሙሽራዋን ቬሎ ማን እንደረገጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም" ይላል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እኔን ግን ነደደኝ። "ምኑ ነው የሚያስቀው? ሰው የሚስቅብን አይበቃም?" አልኩ። በመጀመሪያ ቀኔ፣ ማንንም ሳላውቅ!

ሰውዬው እንባውን እየጠራረገ አየኝ። "ወንድሜ፣ የዚያን ቀን እኮ መኪና ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ" አለኝ። "ለእነዚህ ሳወራው ነው ሳቁ የመጣልኝ። ሌላ ለማን ላውራው?"

"ያንተዋስ?" አሉ እትዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "እስቲ ንገረን፣ ምን ትወዳለች?"

ምን ትወዳለች ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሚጠየቀው ምን እንደማትችል ነው። ልጄ የሰው እጅጌ ማሽተት ትወዳለች አልኩ። ልብሱ ዓይኗ ከገባ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ጠጋ ብላ እጅጌውን አንስታ ታሸታለች። አንድ ጊዜ ወረፋ ይዘን የአንድ ፖሊስ እጅጌ አነሳች። ፖሊሱ ደንግጦ እሱም የራሱን እጅጌ አሸተተና፣ ወደ እኔ ዞሮ በጣም አሳስቦት፣ "ምን ምን ይላል?" አለኝ። ይህን ስናገር መጨረስ አቃተኝ፤ ሳቅ አፈነኝ። እነሱም ሳቁ፣ ነጋዴው ወንበሩን ሰበረው ብዬ ነበር። በልጄ ስስቅ ልጄ አላነሰችብኝም፤ እንዲያውም እንዴት እንደምወዳት ያን ጊዜ ለሰው የነገርኩ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የማትቀር ሆነች፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን ባለቤቴ። የተሰጠንን ነገር አውርቼ አልጨርሰውም። ታክሲ ላይ ጋቢና መያዝ የተማርኩት ከነሱ ነው፤ ከሹፌሩ ጎን፣ ሰው የማይጋፋት፣ ሙዚቃውንም በጨዋ ደንብ ማስቀነስ የሚቻልበት ቦታ። ስልክ ቁጥራችንን በቀሚሷ ጫፍ ውስጥ መስፋትም የነሱ ብልሃት ነው። ጸጉሯን ስለማታስነካ አጭር ነው የምናደርጋት፤ ለዚያም ቢሆን በየወሩ ጦርነት ነበር። እነሱ ኦሎምፒያ አንድ ጸጉር ቤት አሳዩኝ፤ ልጁ ሱቁን ለደንበኛ ሳይከፍት፣ ማሽን ሳያስነሳ፣ በመቀስ ብቻ ቀስ ብሎ ያስተካክላታል። እኔ እኮ እዚያው ኦሎምፒያ መነጽር ቤት ነው የምሠራው! ስንት ዓመት በደጁ አልፌያለሁ፣ ማን ነግሮኝ?

ከሁሉ አስቀድሜ ማመስገን የሚገባኝ ግን እናቴን ነው። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ኖራ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። ልጄ ሲብስባት እናቴ ትልቁን አንሶላ ታወጣና ከአንገቷ በታች ጥብቅ አድርጋ ትጠቀልላታለች። ጥቂት ቆይቶ የልጄ ትንፋሽ ይረጋጋል። ከዚያ አያትና የልጅ ልጅ አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ ወደፊት ወደ ኋላ እያሉ፣ እንደ ሆቴሉ ደንብ ያጥፉታል። እኛ ሥራ የምንውለው በእሷ ጉልበት ነበር። ልጄ ከእናቴ አጠገብ ስትሆን ምንም የጎደላት ነገር አይታይባትም።

አንድ ቀን አንሶላ እያጠፈች፣ "እኔ ስሞት ይቺን ልጅ ለቅሶ ቤት እንዳታስቀምጧት" አለችኝ። "ጩኸቱ ይጨርሳታል። ለዘመድም ወስዳችሁ እንዳትጥሏት። አደራ።"

"ደግሞ የሞት ወሬ ጀመርሽ!" ብዬ ተቆጣኋት።

"አደራ ብያለሁ" አለች።

ብዙም አልቆየች። ትንሽ ሳል ነው ያለችው ሳምባ ሆኖ ተገኘ፤ ሆስፒታል ገባች፣ ክረምቱ መሃል ላይ አንድ ጠዋት አረፈች።

ለቅሶ እንግዲህ ለቅሶ ነው። እሷን ከሆስፒታል ሳናመጣ ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። የካዛንቺስ አብዛኛው ፈርሶ ጎረቤቱ በከተማው ዳር ዳር ቢበተንም እድሩ አልተበተነም፤ ሰዉ ከሄደበት አውቶቡስ እየቀያየረ መጣ። እናቴ ሰው አላጣችም፤ ለዚህም ተመስገን ነው። ግን ቤታችን ጠባብ ነው። አልጋው ወጣ፣ ሶፋው ወጣ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረደ፣ ሳሎኑ በሴቶች ሞላ። ልጄ የምታውቀው ቤት ዓይኗ እያየ ጠፋ። ሰው በገባ ቁጥር ዋይታው ከበር ይጀምራል፤ አንዱ ጋብ ሲል ሌላው ይነሳል። እንዲህ ሲሆን የምትይዛት አያቷ ደግሞ የለችም።

ባለቤቴ ልጅቷን ይዛ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ልጄ ከግድግዳው ጋር ስትጋጭ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል። ሳሎን ያሉት ሴቶች፣ "ምራቷ የታለች? ለአማቷ እንባ አጣች እንዴ?" ይባባላሉ። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፤ የመጣው ሁሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚያለቅሰው። ሰውነቴ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ጆሮዬ ጓዳ ነው። ድምፁ ሲበረታ እነሳለሁ፣ ጓዳ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አሁንም እነሳለሁ። እናቴ ሞታ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተብሏል፤ እኔም ባለቤቴም መሄድ አለብን። አደራ የተባልኩት ነገር ደግሞ ገና እናቴ ሳትቀበር እጄ ላይ እየፈረሰ ነው።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ጓዳው በር ላይ አገኘችኝ። ክፋት የማያውቃት ሴት ናት። "ልጄ፣ የሳል ሽሮፕ ትንሽ እናጠጣትና ትተኛ" አለችኝ። "ቀብሩ እስኪያልፍ ነው። ምን ታደርገዋለህ?" ብልቃጡም ማንኪያውም እጇ ላይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ጣራውን በጩኸት አነሳው ነበር። የዚያን ቀን ግን ጉልበቱም አልነበረኝም። "ቆይ" ብቻ አልኳትና ወጣሁ።

ጠዋት የማኅበራችን ቴሌግራም ላይ "እናቴ አረፈች" ብዬ ጽፌ ነበር። ከሁሉም የማጽናኛ ቃል መጣ፤ ሰው ግን አልመጣም። ድንኳኑ በር ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ እነሱ አይደሉም። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ እናቴ ስትሞት ወዴት ገባ? ሆዴ ቂም ቋጠረ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እትዬን አጥሩ ማዶ ያየኋቸው። ሴራሚክ ነጋዴው መኪናውን አቁሞ አጠገባቸው ቆሟል። ደጁ ድረስ መጥተው አይገቡም። ሄድኩባቸው።

"ግቡ እንጂ! ምን እዚህ ያስቆማችኋል?"

"አላህ ያጽናህ ልጄ" አሉ እትዬ። "አንገባም።"

"እንዴት ነው የማትገቡት? እናቴ እኮ ናት የሞተችው! በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳን ድንኳን አይቶ ይገባል! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?"

ነጋዴው መሬት መሬት አየ። እትዬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ስማኝ" አሉ። "ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ይህ ማኅበር አንድ ሰው ሳይቀር መጣልኝ። ድንኳን ገብተው ተደርድረው ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ። ወግ ነዋ፣ ማን ይቀራል? እኔ ከሴቶች መሃል ነኝ። ሁሉም ልጁን ሌላው ይዞታል ብሏል። ልጄን የሚያውቁ፣ መያዝ የሚችሉ ሰዎች በሙሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው፣ ልጄ በሩን ከፍቶ ሄደ። ያገኘነው ማምሻውን ነው፤ ቀለበት መንገዱ ዳር፣ ባዶ እግሩን፣ መኪና ለመኪና ሲሄድ።" ሻርፓቸውን አስተካከሉ። "ከዚያ ወዲህ ከእኛ መሃል ለቅሶ የሚደርስ የለም። እንመጣለን፣ ልጁን እንወስዳለን፣ በቃ። ድንኳንህ ውስጥ ሰው ሞልቶልሃል። በል፣ ልጅቷን አምጣ።"

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። "ሲብስባት አንሶላ..." አልኩ።

"ነግረኸናል እኮ" አለ ነጋዴው። የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ የታጠፈውን አንሶላ አሳየኝ።

ባለቤቴ በጓሮ በኩል ይዛት መጣች። ልጄ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኻለች፣ ግንባሯ ቀልቷል። እትዬን ስታይ ማልቀሷን አላቆመችም፤ ግን እጃቸውን ሳብ አድርጋ እጅጌያቸውን አሸተተች። ጋቢና አስገቧትና በሩ ሲዘጋ የሰፈሩ ዋይታ ተቆረጠላት። ወደዚያው መዋዕለ ሕፃናት ነው የሚወስዷት፤ ክረምት ስለሆነ ባዶ ነው፣ ግቢውንም ታውቀዋለች።

መኪናው ሲርቅ ባለቤቴ ባዶ እጇን መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ከዚያ "እማዬ!" ብላ ጮኸች። ለአማቷ ነው። እየጮኸች ሳሎን ገባች። እንባ አጣች ያሏት ሴቶች ሁሉ እሷን ማባበል አቃታቸው።

እኔም ቀብር ሄድኩ። የእናቴን ሬሳ ተሸከምኩ። አፈር ሲለብስ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ፤ ልጄ የት ናት ብዬ ዞር ሳልል፣ ጆሮዬን ወደ ሌላ ሳልጥል፣ ሆዴ እስኪጎድል። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ በደስታም በሐዘንም መሃል ግማሽ ልቤ ሁልጊዜ እሷን ሲጠብቅ ነው የኖረው። እንባ ስጦታ መሆኑን እዚያ መቃብር ላይ ነው ያወቅሁት። ሰጪዎቹ ደግሞ ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ከልጄ ጋር ናቸው።

እስከ ሠልስቱ እንዲሁ ሆነ። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ከመሃላቸው ተረኞቹ አጥሩ ማዶ ይቆማሉ፤ እኛ በጓሮ እናወጣታለን። ሰው ቀለል ሲል በልታ፣ ታጥባ ትመለሳለች። አንድም ቀን አንዳቸው ድንኳን አልገቡም። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ልጄ አያቷን ፈለገች። የእናቴን አልጋ መልሰን ስናስገባ ሄዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠችና አንሶላውን በአንድ በኩል ያዘች፤ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ እስኪመጣ ጠበቀች። ያዝኩላት። ማጠፍ አልችልበትም፣ ደጋግማ አስተካከለችኝ።

ገና ጥቁሬን ሳላወልቅ የእኔም ተራ ደረሰ። ከማኅበራችን የአንዲት አስተማሪ አባት ሞቱና ልጇን ልወስድ ሳሪስ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ደጅ ደርሶ አለመግባት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ገባኝ። እግሬ በልማድ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል፣ ሰው ያየኛል፣ የማያውቀኝ ሰው "ግባ እንጂ ወንድሜ" ይለኛል። ልጇ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ነው፤ ከመራመድ በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። ተራመድን። ከሳሪስ ተነስተን በጎተራ፣ በኦሎምፒያ፣ በሜክሲኮ አድርገን፣ ደግሞ ተመልሰን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ጫማዬ እግሬን ላጠኝ። እናቱ ያን ቀን አባቷን ቀበረች። ስታለቅስ አላየኋትም፣ ግን እንዳለቀሰች አውቃለሁ።

የእናቴ አርባ ሲወጣ ዘመድ ተሰበሰበ። ልጄን እትዬ ጠዋት ወስደዋታል። ምሳ ተበልቶ ሰዉ ተረጋግቶ ሲቀመጥ አክስቴ አጠገቤ ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ ሆዴ ውስጥ ከምይዘው ልንገርህ" አለች። "እነዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄድላቸው ሰዎች አንድ ቀን እንኳን ድንኳን ገብተው አልተቀመጡም። እኔ ለእህቴ አዝኜ ነው። ሰው እንዴት ለቅሶ አይደርስም?"

ጠባዬን ስለሚያውቁ ሁሉም ቱግ እንድል ጠበቁ፤ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ግን ቁጣ አልመጣብኝም።

"አክስቴ፣ እነሱ ድንኳን ቢገቡ ኖሮ እኔ የእናቴን ለቅሶ አልቀመጥም ነበር" አልኳት። "ቀብሯም ላይ አልቆምም ነበር።"

"አሁን ልጅቷ የታለች?" አለች አክስቴ።

"ከነሱ ጋር ናት።"

"ምሳ በልተዋል?"

"እንጃ።"

"እንጃ ይባላል እንዴ? አርባ ወጥቶ!" ብድግ አለች። ሰሃን ጠራች፣ ክዳን ጠራች። ከመሃላቸው ሙስሊም አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ ስላት የሥጋውን ወጥ ወደ ጎን አድርጋ ሽሮውንና አትክልቱን ሞልታ አሰረች። ነጠላዋን ተከናነበች፣ ጫማዋን አደረገች።

"በል ተነስ፣ ውሰደኝ" አለችኝ። "እኔ ጮክ ብዬ ነው የማወራው። እንዳላስደነግጣት ደጅ እቆማለሁ፣ አልገባም።"